የማሙሽ ውሃ

ጥቅምት ፬ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለባሕር ማዶው ውሃ ለኪ፤

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅ፣ መግቢያ መውጫህን ያሳምር፣ ለአለቆችህም ልብ ይስጥልኝ።

ከዚህ በታች ያለውን በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ለረጅም ጊዜ በሳሎናችን ገንዳ በስተቀኝ ጥግ በመቆም፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ በመንከስና ምግብ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሞ በመድረስ ቤታችንን በቅንነት ሲያገለግል የቆየው ሰማያዊው ዓሣ፣ በተለምዶ አጠራሩ ዘበኛው፣ ትናንት ጠዋት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተገኝቷል። ሟች ትዳር አልመሠረተም፤ ወዳጅም አልነበረውም። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት በጓሮ፣ ከጽጌረዳው ሥር፣ በሾርባ ማንኪያ ተፈጽሟል።

አትሳቅ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለመሥሪያ ቤቴ የሐዘን መግለጫ፣ የጨረታ ማስታወቂያና እርማት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሕይወት እያሉ ሰላምታ ለማይመልሱ አለቆች ሙሉ ገጽ ስሰጥ ኖሬ፣ ለዘበኛው አንድ አንቀጽ ብነፍገው ነውር ነው።

ነገሩ ግን የዓሣ ብቻ አይደለም። እናትህ እግሯ እምቢ ካላት ወዲህ አልጋዋን ሳሎን እንዳወጣነው ታውቃለህ። ትራሷ ከገንዳው ፊት ለፊት ነው፤ ቴሌቪዥኑን ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ቀኑን ሙሉ የምታየው አንተ ከመሄድህ በፊት የሠራህላትን ገንዳ ነው። ባለፈው ሐኪሙ መጥቶ መድኃኒቱ እንዴት ነው ቢላት፣ ሙሽሮቹ ዛሬ አልተጣሉም አለችው። እሱም ጻፈው። ዘበኛው የሞተ ዕለት ቁርሷን ሳትነካ መለሰችው። ከዓሣዎቹ የቀሩት ቢጫዋ ሐኪሟና ሁለቱ ሙሽሮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቢሄድ ምሳዋንም ትመልሳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም እኔም እናውቃለን፣ አልጽፈውም።

ጥፋተኛው የጨው መለኪያው ይመስለኛል። ትተህልን የሄድከው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ባለ መርፌው፣ አብዷል። ስነካው ጨው በዛ ይላል፤ ሳልነካው አነሰ ይላል፤ ሳስነጥስበት መሐል ላይ ይቆማል። ሰፈሩ «ባሕር ያላየው» የሚለው የዓሣ ነጋዴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሦስት ዓይነት መለኪያ ደርድሮ ሦስቱንም እኩል አመሰገነልኝ። ልክ የሚናገረው የትኛው ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «እንደ ዓሣው ነው ጋሼ» አለኝ። ይህን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

የቱን እንግዛ? ደግሞ የሰጠኸንን ስልክ ብደውል ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው። ቋንቋውን አልሰማውም፤ ግን ትሑት ሰው ነው፣ እስክጨርስ ያዳምጠኛል።

እናትህ፣ ማሙሽ መቼ ነው የሚመጣው በልልኝ ብላኛለች። እኔ መጀመሪያ መለኪያውን እንጠይቀው አልኳት።

ከዘበኛው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አጎትህ

ኅዳር ፩ ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመዋል? የእማዬ እግርስ? እኔ ክብር ለእሱ ይሁን ደህና ነኝ። ስልኩን ቀይሬዋለሁ፤ አዲሱ ሲረጋ እልክልዎታለሁ።

የዘበኛውን ዜና ሳነብ ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሠራበትን አዳራሽ ነግሬዎታለሁ፤ የግድግዳ ያህል ገንዳ አለው፣ ሰው ሁሉ ጀርባውን ለዓሣው ሰጥቶ ፎቶ ይነሣበታል። የእኔ ሥራ ሰው ሳይገባ መስታወቱን መወልወልና ጨውን መለካት ነው። ስለዚህ የጠየቁኝ የዕለት ሥራዬን ነው፤ ስለ ሌላ ነገር እንዲህ በልበ ሙሉነት መመለስ ብችል ደስ ባለኝ።

ባለ መርፌውን ይጣሉት። መርፌው ላይ የአየር አረፋ ሲጣበቅ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ጨው የበዛ ይመስላል። ጨው ሲጋገርበት ደግሞ ይከብደውና ጨው ያነሰ ይመስላል። ባትሪ ያለውን፣ እስክሪብቶ የመሰለውን አሁን አይግዙ፤ ደህናው ደህና ነው፣ ግን ተንከባካቢ ይፈልጋል፣ ጫፉ ከደረቀ ይቀየማል። የሚሻለው ሪፍራክቶሜትር የሚሉት ነው፤ አጭር ቱቦ ነው፣ በአንድ ዓይን የሚታይ። ከገንዳው ሁለት ሦስት ጠብታ መስታወቱ ላይ ያደርጋሉ፣ ክዳኗን ይመልሳሉ፣ ጥቂት ይታገሣሉ፣ ወደ ብርሃን ያያሉ። ሰማያዊውና ነጩ የሚለያዩበት መሥመር ያረፈበት ቁጥር የውሃዎ ጨው ነው። የምንፈልገው ሠላሳ አምስት ነው።

አደራ ግን፣ ማንኛውም መለኪያ ከመታመኑ በፊት ልኩን መያዝ አለበት። ሠላሳ አምስት መሆኑ አስቀድሞ የተረጋገጠ ፈሳሽ ያንጠባጥቡበታል፤ መሥመሩ ሠላሳ አምስት ላይ ካላረፈ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ እያዞሩ ያመጡታል። ተራ ውሃ አይበቃም። መለኪያው እውነቱ የት እንዳለ ከአንድ ቦታ መማር አለበት።

ቱቦውንም ፈሳሹንም ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ነጋዴውን አያድክሙት።

ስለ መምጣቴ፣ የሥራው ግርግር ሲያልፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ። እማዬን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር ፳፰ ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ዕድሜህን እንደ ገንዳህ ያስረዝምልህ። እናትህ ሁለት ጊዜ መርቃሃለች፣ አንዱን ለራሴ ወስጃለሁ።

ቱቦው ደርሷል። ፈሳሹ ግን በመንገድ ላይ ፈስሶ የመልእክተኛውን ካልሲዎች ብቻ ልክ አስይዟል። ሰውዬው አዝኖ ካልሲውን ሊሰጠኝ ነበር፤ ለሳይንስ ሲባል እንኳ አልተቀበልኩትም።

ባሕር ያላየው ዘንድ ሮጥኩ። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ከተወለደ ሰምቶ አያውቅም። መለኪያው አዲስ ስለሆነ ልክ ነው፣ አዲስ ነገር ለምን ይዋሻል አለኝ። ተናድጄ ቤት ገብቼ ሳጉረመርም እናትህ ከአልጋዋ ቀና አለች። «የማሙሽ ውሃ አለ አይደል እንዴ!» አለችኝ።

ታስታውስ እንደሆን፣ ልትሄድ ስትል ከገንዳው አንድ ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀድተህ፣ እማዬ ይሄ ውሃ ልክ ነው፣ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ፣ ሠላሳ አምስት ነው ብለህ ሰጥተሃታል። አንተ ያኔ ለጨዋታ ብለህ ይሆናል። እሷ ግን ከትራሷ አጠገብ፣ በርጩማዋ ላይ ከመድኃኒቶቿ ፊት አስቀምጣዋለች። አቧራ ስወለውል እንኳ እንድነካው አትፈቅድም። ያን ዕለት በገዛ እጇ ሰጠችኝ። ማሙሽ የለካው አይሳሳትም አለች። እውነቱ የት እንዳለ ከአንድ ቦታ ይማር አላልክም? እነሆ፣ ከአንተ ተማረ።

ብሎኑን አዞርኩ፣ መሥመሩን ሠላሳ አምስት ላይ አስተኛሁት። ከዚያ የገንዳውን ውሃ ብለካ ሃያ ስምንት! እንዴት ያለ ውርደት ነው! ምስኪን ዓሣዎች፣ ለካ በባሕር ስም ተራ ውሃ ስናጠጣቸው ኖረናል። ዘበኛው በዚህ ነው የሞተው። ስለዚህ የባሕር ጨው በየዕለቱ እየበጠበጥኩ እየጨመርኩ ነው፤ ዛሬ ሠላሳ ሦስት ደርሰናል። እናትህ ቁጥሩን በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች። ከፍ ባለ ቁጥር አንተ የቀረብክ ያህል ፊቷ ይፈካል። ምሳዋንም ጨርሳለች።

ፈቃዱን ጠየቅህ ወይ ብላለች። እኔ ጥያቄውን ሳላሳጥርና ሳልጨምር አስተላልፌያለሁ።

አጎትህ

ታኅሣሥ ፳፪ ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

መልስህ አልደረሰኝም፤ ጤና ያድርግልህ ብዬ ቀጥያለሁ።

ሐኪሟ አረፈች። ቢጫዋ፣ ሳንቲም የምታህል ሆና የመጣችው፣ ኋላ የእጄን መዳፍ ያከለችው። ሌሎቹን ሁሉ የምትጠብቅ የምትመስል ዓሣ ራሷ ቀድማ ስትሄድ፣ የቀሩት ታማሚዎች ምን ይሰማቸዋል? ሙሽሮቹ አንድ ጥግ ተጠጋግተው ቆመዋል። ዛሬም አልተጣሉም፤ ለእናትህ ግን አልነገርኳትም፣ ምክንያቱም የማይጣሉት ከፍቅር አይመስለኝም።

መለኪያው ሠላሳ አምስት ይላል። ድፍን ሠላሳ አምስት። ሦስቴ ለካሁ፣ ሦስቴም ያው ነው። በዚህ ቤት ልክ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር የገንዳው ጨው ነው፤ እነሱ ግን ይሞታሉ። እናትህ ምሳዋን ተወች፤ እራቷን ሻይ በማንኪያ አድርጌ ሰጠኋት። ሐኪሙ፣ ሰውዬውን ማለቴ ነው፣ በሩ ድረስ ስሸኘው ልጅዋ የት ነው አለኝ። ገንዳ ይወለውላል አልኩት።

ይህን ጽፌ ሳልልከው ሙሽሪቷ፣ ትልቋ፣ ተንሳፈፈች። ማስታወቂያ መጻፍ አልቻልኩም። እናትህ እያየች ነበር የተንሳፈፈችው።

አጎትህ

ጥር ፪ ቀን

ጋሼ፤

ሰላምታዬን ተውኩት፣ ይቅር ይበሉኝ። የኅዳሩ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ቤት ቀይሬ ስለነበር የድሮው ቤት ሰዎች አስቀምጠውት ነው። ጨው መጨመሩን አሁኑኑ ያቁሙ።

ያ ጠርሙስ አይታመንም። ስሰጣት እስከ አንገቱ ሞልቼው ነበር። አሁን ውሃው የት ላይ ነው? አፉ ላይ ነጭ ጨው ተጋግሯል? ከተጋገረ ተኗል ማለት ነው። ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል፤ የቀረው ከባሕር የባሰ ጨዋማ ነው። ያንን ሠላሳ አምስት ነው ብላችሁ መለኪያውን ስላስተማራችሁት፣ አሁን ሠላሳ አምስት ሲላችሁ ውሃው አርባን አልፎ ይሆናል። ትክክል የነበረውን ገንዳ ነው ያበላሻችሁት። ከገንዳው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀዱ በተጣራ ውሃ ይተኩ፤ በአንዴ ከሆነ የተረፉትም ይደነግጣሉ።

ጠርሙስ በደንብ ከተዘጋ ዝም ብሎ አይጎድልም። ማን ነው ሲከፍተው የኖረው? ዓሣዎቹ ካለቁ የገደላቸው እሱ ነው።

ፈሳሹን እንደገና ልኬያለሁ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሏል። ፈቃዱ ወረቀት ይፈልጋል፣ ወረቀቱ ቀጠሮ ይፈልጋል።

የእህትዎ ልጅ

ጥር ፲፰ ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ከችኩል ብዕር ይሰውርህ።

ደብዳቤህን እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ ለእናትህ አነበብኩላት። እኔ አንድ ጊዜ ማንበብ ከጀመርኩ መሐል ላይ የማቆም ልምድ የለኝም፤ የመሥሪያ ቤት በሽታ ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ማቆም እንደነበረብኝ ገባኝ፣ ግን አልፎ ነበር።

በጠርሙሱ ላይ ምርመራ አካሂጃለሁ። ውሃው ከአንገቱ በታች ወርዷል፤ አፉ ላይም እንዳልከው ነጭ ጨው አለ። ይሁን እንጂ የከፈተው ሰው የለም። ክዳኑ ከፋብሪካው ጀምሮ ብልሽት ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የፋብሪካው ነው። በዚህ ቤት ዓሣ የገደለ የለም፤ ሁለተኛ እንዲህ ብለህ አትጻፍ።

ፈሳሹ በሰላም ደርሶ መለኪያውን እንደገና ልክ አስይዤዋለሁ። የገንዳው ጨው አርባ አንድ ነበር። አርባ አንድ! ዓሣ እያዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየቀመምኩ ነው። በነገርከኝ መሠረት በጠዋት በጠዋት አንድ ጆግ ቀድቼ አንድ ጆግ የተጣራ ውሃ እጨምራለሁ። አርባ፣ ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ዛሬ ሠላሳ ስምንት። ሙሽራው ብቻውን ቀርቷል። ይበላል ግን።

እሷ አትበላም። አልጋዋን ላዞርላት ብዬ ነበር፣ ባዶውን ገንዳ እንዳታይ። ከለከለችኝ። ከዚያ ጻፍ አለችኝ፤ ቃሏን አንድም ሳልለውጥ እነሆ፦

«አንድ ነው የቀረው። እሱ ሳይሄድ ይምጣ በለው። መለኪያ አይላክ፣ መለኪያ ጠግቤያለሁ።»

እኔ በበኩሌ የምጨምረው የለም። አንድ ቱቦ፣ ሁለት ፈሳሽ ልከሃል። የቀረኸው አንተ ነህ።

አጎትህ

መጋቢት ፳ ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ጋሼ፣ አልመጣም። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፎበታል፤ ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት የለም። ግርግሩ ሲያልፍ፣ ፈቃድ፣ ቀጠሮ ስል የኖርኩት ይህቺን ዓረፍተ ነገር ላለመጻፍ ነው። ብመጣ ደግሞ በምን እኖራለሁ? መስታወት በመወልወል? እማዬን በምን አሳክማለሁ? ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ ልክ ነው፣ ግን ልክ መሆኑ ምንም አልጠቀመኝም።

እንዴት እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ። ወይም አይንገሯት።

ባትሪ ያለውን መለኪያ ልኬያለሁ። አይላክ እንዳለች አንብቤያለሁ። ሌላ የምልከው አጥቼ ነው። ጫፉ እንዳይደርቅ፣ በማመሳከሪያው ፈሳሽ በየጊዜው ልኩን ያስይዙት። ውሃው ሠላሳ አምስት ላይ ከደረሰ ሙሽራው ይተርፋል።

ልጅዎ

ሚያዝያ ፳፭ ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

መቀመጫ ካለህ ተቀመጥ። ሰው አጠገብህ ካለ ጥራው።

ለስንቱ ስጽፈው የኖርኩትን አንቀጽ ለእህቴ መጻፍ አቃተኝ። «ባደረባት ሕመም» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት፤ ሕመሙን የማላውቀው ይመስላል። እንዲሁ ልንገርህ። እናትህ ሞተች። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፊቷን ወደ ገንዳው እንዳደረገች። ሻይዋን ላሞቅ ሄጄ ስመለስ ዓይኗ ሙሽራው ላይ ነበር፤ ሙሽራው ሲሄድ ግን አልተከተለውም።

የመጋቢቱ ደብዳቤህ የደረሰው ከዚያ በፊት ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አልመጣም» የምትለው ላይ ስደርስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የሌለ ነገር አነበብኩ፤ «ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል እየታየ ሲሆን፣ በቅርቡ አዎንታዊ ውጤት ይጠበቃል» አልኩ።

«ይሄን ማሙሽ አልጻፈውም» አለችኝ እናትህ። «ያንተ ማስታወቂያ ነው።»

ከዚያ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ሳትስቅ ከርማ በእኔ ሳቀች። በኋላም ጠርሙሱን አቀብለኝ ብላ በሁለት እጇ ያዘችው፤ እስከ መጨረሻው አለቀቀችውም። አብሯት ነው የሄደው።

ሊነገርህ የሚገባው በስልክ ነበር። አዲሱን ቁጥር ስላልላክህልን የድሮውን ደወልኩ። ያ ትሑት ሰው አነሳው። ሌላ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ለእሱ ነገርኩት፤ በእኛው ቋንቋ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዓሣዎቹንም ጭምር። ምን እንደገባው አላውቅም። እኔ እስክዘጋ ድረስ ግን አልዘጋም።

ባለ ባትሪውም ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ሁለቱን መለኪያዎች አመሳክሬያለሁ፤ ተስማምተዋል። የገንዳው ጨው ሠላሳ አምስት ነው። ሙሽራው ይበላል፣ ይዋኛል፣ ቀለሙም ተመልሷል። ከገንዳው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ አልጋውን አስወጥተነዋል። ሰሞኑን እኔ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፣ እሱ ግን እኔ ሳለሁ ወደ መስታወቱ አይመጣም።

ፈጣሪ ያጽናህ። እኔንም።

አጎትህ

እርማት፦ ጥር ፲፰ ቀን በተጻፈው ደብዳቤ የጠርሙሱ ክዳን ከፋብሪካው ጀምሮ ብልሽት ያለበት እንደሆነ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ፣ እንደሚከተለው ታርሞ ይነበብ። ክዳኑ ምንም ዓይነት ጉድለት የለበትም። አንተ ከሄድክበት ዕለት ጀምሮ እናትህ በየጠዋቱ እየከፈተች ታሸተው ነበር፤ እጁን እጁን ይለኛል ትል ነበር። ክዳኑ ነው በለው ያለችኝም እሷ ናት። ያለ ጥፋቱ ስሙ የተነሣውን ፋብሪካ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።